ልግስና በአንድ ፍሬ ዘቢብ

ሰብልዬ፣ ጀርመኖች ልግስና ሲማሩ አየሁልሽ! ቤቷ ያረፍኩባት የአክስቴ ልጅ መሠረት ቦከንሃይም የሚባል ሰፈር ውስጥ የቡድሃ ትምህርት ጀምራለች። ወደ ብርሃነ ልቦና ለመድረስ በየሳምንቱ አንድ በጎነት ይለማመዳሉ፤ ትናንት ተራው የልግስና ነበርና ይዛኝ ሄደች። መምህሩ ስለ መስጠት አንድ ሰዓት ሙሉ ሰበከ፤ መሠረት በሹክሹክታ ተረጎመችልኝ። ከዚያ አንዳንድ ፍሬ ዘቢብ አደለንና ዓይናችንን ጨፍነን ዐሥር ደቂቃ እንድናኝክ አዘዘ። እኔ ትምህርቱ ገብቶኝ፣ ዘቢቤን አጠገቤ ያሉትን አሮጊት ላጎርሳቸው እጄን ሰደድኩ። ጣቴ ከንፈራቸውን ሲነካ እባብ እንደነካቸው ብድግ አሉ! መምህሩ ረጋ ብሎ፣ "እዚህ ሁሉም የሚበላው የራሱን ነው" አለኝ። እኛ ሰፈር እንዲህ የሚል ሰው ስስታም ይባላል፤ እዚህ መምህር ነው። መሠረት ደግሞ፣ "በናትሽ አታዋርጂኝ፤ እዚህ ለመግባት ስድስት ወር ነው ቴርሚን የጠበቅኩት!" አለችኝ፤ ቀጠሮ ማለቷ ነው። በልጅነታችን ካላጎረስኳት አልበላም ትል የነበረችው መሠረት!

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። እማማ ዕፀገነትን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ልጆችሽንም። ያቺን ዘቢብ ላንቺ ልልክልሽ አስቤ ነበር፤ ተናድጄ ሳላኝካት ዋጥኳት።

ፀሎት