ቀይ ወረቀት የተለጠፈበት ወንበር

ወንድሜ ባምላኩ፣ ከቢሮ ያስቀረህ እግርህ ተሻለው ወይ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ፍኖተ ሰላም በደህና ገብቻለሁ። ካይዘን የሚሉትን፣ ቢሮን ከትርፍ ዕቃ እያጸዱ ሥራ የማቀላጠፍ አሠራር፣ እዚህ ቢሮ እንድናይ ነው ያመጡን። ዛሬ የማያስፈልግ በተባለ ዕቃ ሁሉ ላይ፣ ይውጣ ለማለት፣ ቀይ ወረቀት ሲለጠፍ ዋለ። አሠልጣኟ አንድ ባዶ ወንበር ላይም ለጠፈች።

«ልጄ፣ ይህስ የማን ነው?» አልኳት።

«የአንድ የታመሙ ሠራተኛ ነው፣ አባባ። ሲድኑ ይፈለግላቸዋል።»

«ወንበሩ ነው የሚፈለግላቸው ወይስ ሥራው?» ብል ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እሷ ግን ወረቀቷን ይዛ ወደ ሌላው ዕቃ አለፈች።

ነፍሷን ይማረውና ባለቤቴ እንኳ ቤት ስትጠርግ የሰው ዕቃ ሳትጠይቅ አትጥልም ነበር። ሰው መጠርጠር ኃጢአት ነው፤ የወንበሩ ነገር ግን ማታ ስጸልይም ከልቤ አልወጣ አለኝ። ከመስቀል በኋላ አሠልጣኞቹ ቀይ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ እኛም ቢሮ፣ ሽንዲ፣ ይመጣሉ አሉ። ባለቤትህን ንግሥቴን ሳምልኝ። ጋቢህንም ቢሮ ወስዳ ወንበርህ ላይ ጣል ታድርገው፤ ባዶ አይምሰል።

ወንድምህ ባዬ