በበቅሎዬ ተሻግረው «መዳረሻ አለ» ስላሉት ቦታ

ቀን፦ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰንበሌጥ ዳር ከተማ መሬት ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሰንበሌጥ ዳር

ጉዳዩ፦ የድልድያችን ዕጣ በጽሑፍ ሳይታወቅ በወንዝ ማዶ ጎጥ የሚካሄደው የቦታ ሽንሸና እንዲቆም ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ወንዳወቅ እንድሪያስ የወንዝ ማዶ ጎጥ ገበሬ ነኝ። ክቡርነትዎን ላነጋግር ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብያለሁ። እኔ የእርሻ ሥራ አለብኝ፤ ወረቀቱ ግን ስብሰባው እስኪያልቅ ይጠብቅዎታል።

1. የሰንበሌጥ ወንዝ ድልድይ በነሐሴ 2015 ጎርፍ መካከለኛ ምሰሶው ተሸርሽሮ ለመኪና ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ግንድ ረብርበንበት በእግር እንሻገራለን። አንዱ መሥሪያ ቤት «ይጠገናል» ይላል፤ ሌላው «ፈርሶ ወደ ታች፣ ሌላ ቦታ ላይ ይሠራል» ይላል። ፈርሞ የሰጠን የለም።

2. ይህ ሳይታወቅ ጽሕፈት ቤትዎ እርሻችንን ለመቶ ሰማንያ አባወራ መኖሪያ እየሸነሸነ ነው። ማስረጃ የተደረገው ባለሙያዎችዎ በየካቲት መጥተው የጻፉት ሪፖርት ነው። «ወደ ቦታው መዳረሻ አለ፤ በጉዟችን ችግር አልገጠመንም» ይላል።

3. እውነት ነው፣ አልገጠማቸውም። ግንዱን አይተው ሲፈሩ፣ እንግዳ ውኃ አይግባ ብለን በበቅሎ ያሻገርናቸው እኛ ነን። በቅሎዋ የእኔ ናት። ለበዓል የማወጣውን ግላስ አልብሼ፣ ጎረቤቴ አቶ ሀምዱ ልጓሟን ይዘው፣ እኔ እስከ ጉልበቴ ውኃ ውስጥ ገብቼ እግራቸውን ደግፌ፣ ጫማቸውን ጠብታ ሳይነካው አደረስናቸው። በእኛ አገር የመጣን ሰው የምናከብረው እንዲህ ነው። እነሱም በልተው፣ መርቀውን ሄደው፣ የእኔን በቅሎ መንገድ ብለው ጻፏት። የጎጡ ሰው አሁን ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል፤ በገዛ እጄ ያደረግሁት ስለሆነ አልፈርድበትም።

4. ያ ወንዝ በየካቲት እስከ ጉልበት ነው፤ በነሐሴ ሰው ይወስዳል። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ልጄን ያምሮትን ምጥ ይዟት በቃሬዛ ተሸክመን ወረድን። ግንዱን ውኃ ውጦታል። አምቡላንሱ በከተማው በኩል ቆሞ እናየዋለን፣ እሱም ያየናል። እንደዚያ ስድስት ሰዓት ቆየን። ውኃው ጎድሎ ስንሻገር ሕፃኑ ሞቶ ነበር። ወንድ ነበር። ያምሮት ዘንድሮም ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ የሚገባው በነሐሴ ነው። ክቡርነትዎ የሚያሰፍሯቸው የመቶ ሰማንያ አባወራዎች ሚስቶችም ይወልዳሉ።

ስለዚህ ድልድዩ መጠገኑ ወይም ቦታ መቀየሩ በፊርማና በማኅተም እስኪታወቅ ድረስ ሽንሸናው እንዲቆም፣ የየካቲቱም ሪፖርት ተሰርዞ በነሐሴ አዲስ ጥናት እንዲደረግ እጠይቃለሁ። መልስ ካጣሁ ፍኖተ ሰላም ድረስ ወጥቼ ለዞኑ አቤት እላለሁ።

በመጨረሻም አንድ ነገር በአክብሮት አሳውቃለሁ። ወንዙ ሳይሞላ፣ በሚመጣው ሰኔ፣ ያምሮትን በዚያችው በቅሎ አሻግሬ ከተማ ዘመድ ቤት አስቀምጣታለሁ። በቅሎዋም ያምሮት እስክትወልድ ድረስ እዚያው ትታሰራለች። ባለሙያዎችዎ በነሐሴ ሲመጡ ጫማቸውን አውልቀው ይግቡና መዳረሻውን በእግራቸው ይፈልጉት።

ለወንበርዎ ከሚገባው ሰላምታ ጋር

ወንዳወቅ እንድሪያስ (ፊርማ)
የበቅሎዋ ባለቤት