ቲማቲም እንዳይገባበት

እኔ ሌሙኤል ፐርቪስ፣ የሰሜን ካሮላይና ምሥራቅ ተወላጅ፣ ዛሬ ዓርብ ኦክቶበር 16 ቀን 1987፣ ሳንባዬ ደክሞ ካልጋ ብውልም አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በጎረቤቶቼ በሆዜያ ባትስና በወይዘሮ ዜልማ ጆይነር ፊት ይህን ቃሌን አስጽፌአለሁ።

አባቴ የአሳማ ጥብስ ቤቱን ያወረሰኝ እኔንም ከቤቱ ጋር አስሮ ነው። «ሶሱ ኮምጣጤና በርበሬ ብቻ ይሁን፤ ቲማቲም የገባበት ቀን ቤቱ ለሌሙኤል ወንድም ዘር ይለፍ፤ እሳቱም ጠባቂ አይጣ» ብሎ ተናዘዘ። አሳማ ሙሉውን በፍም ሲበስል ሰው አጠገቡ መቆም አለበትና ዕድሜዬን አካፋ ይዤ ቆምሁ። ባለቤቴ አይዴላ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የዚያው የሰሜን ካሮላይና የምዕራቡ ሰው ነበረች፤ በእነሱ ዘንድ ሶሱ በቲማቲም ይቀላል። በገዛ ቤቷ መጋረጃ ጋርዳ ትበላው ነበር። እናቷንም ስትቀብር፣ እኔ ከእሳቱ መለየት ስላልቻልሁ፣ ብቻዋን ሄደች። በዚህ አባቴን ይቅር አላልሁትም።

አንደኛ፤ የጭነት መኪናዬን ለወንድሜ ልጅ ለክላይድ ሰጥቻለሁ። ቲማቲም እስክጨምር ድረስ በአጥር ሲያሸት ኖሯልና ድካሙ ከንቱ አይቅር።

ሁለተኛ፤ ቤቱን ከነእሳቱ ለልጄ ለኮሪን። እዚህ ላይ የአባቴን ቃል ልደግም አፌን ስከፍት ልጄ፦

«አባዬ፣ እኔንም ልታስረኝ ነው?» አለች።

ሆዜያ፦ «ሌም፣ ካላሰርካት እንደ ደቡብ ካሮላይናዎቹ ሰናፍጭ ትሞጅርበታለች፤ እወቅ» አለ።

ዜልማ፦ «አንተ ደግሞ አርፈህ ተቀመጥ። ቤቱን ለልጅቱ ነው ወይስ ልጅቱን ለቤቱ የሚያወርሰው?» አለችው።

እውነቷን ነው። ስለዚህ ያለ አንዳች ግዴታ ሰጥቻታለሁ። ቲማቲም ትጨምር፣ ሰናፍጭ ትጨምር፣ ብትሻም እሳቱን አጥፍታ በሩን ትዝጋ፤ እርግማኔ አይከተላትም። የአባቴ ቃል በእኔ ይብቃ።

ሦስተኛ፤ በምዕራብ፣ አይዴላ በተቀበረችበት፣ ከጎኗ ቅበሩኝ። ለቀባሪውም የእሷ ቀይ ሶስ ይቅረብ። ሆዜያ «እኔ አልቀምሰውም» ብሏል፤ ይጹም።

ይህን እያስጻፍሁ ሳለ የአሳማው ስብ ፍሙ ላይ መንጠባጠቡን ሲያቆም በመስኮቱ ሰማሁ፤ እሳቱ ደከመ ማለት ነው። «ኮሪን፣ ሂጂ ፍም ጨምሪ» አልኋት፤ አፌ ለምዶ።

«አሁን ነጻ ነሽ አላልከኝም?» አለችኝ፤ ከወንበሯም አልተነሣችም።

ብያለሁ። ይጻፍ። እኔ ግን ጆሮዬ እዚያው እሳቱ ዘንድ ነው፤ እስክሞት አይመለስም።

ተናዛዥ፦ ሌሙኤል ፐርቪስ (ፊርማ)

ምስክሮች፦ ዜልማ ጆይነር (ፊርማ)

ሆዜያ ባትስ (ፊርማ፤ ፍም ጨምሮ ሲመለስ የፈረመው፣ ጥላሸት ያለበት)