የጉድጓድ ቧንቧ ድልድያችንን ሊያስፈርሱልን ለተነሡት ክቡር ኃላፊ

ሴት ናት! ድምቡሽቡሽ ያለች፣ ጸጉሯ ግንባሯ ላይ የተደፋ፣ ለቅሶዋ ሠፈር የሚቀሰቅስ ሴት ልጅ! ታናሽ እህቴ ትናንት ሰኞ ጠዋት ምጧ ሲፋፋም እኔ በቀኝ ባሏ በግራ ደግፈናት፣ በገዛ እግሯ ድልድዩን ተሻግራ ጤና ጣቢያ ገባች፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስም ዓይኗን በዓይኗ አየች። ተሻገረች እኮ ነው የምልዎ!

ይቅርታዎን፤ ደስታው አቅሌን አስቶኝ ሰላምታውን ዘልዬው ገባሁ። እንደገና በወጉ ልጀምር።

ለተከበሩ የተዘጉ የነዳጅ ጉድጓዶች ንብረት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ለክብርዎ የሚገባውን ሰላምታ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ሲወጣት ሰምተን የማናውቀው ጸሐፊዎ እንደምን ሰንብታችኋል? ለሁላችሁም ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ለጉልበትዎ፣ ምክንያቱም አንድ ቀን ከመኪናዎ ወርደው ወንዛችንን በዓይንዎ ለማየት ይፈልጉ ይሆናል፣ ቁልቁለቱም ጉልበት ይጠይቃል። እኛ ደህና ነን፤ በዚህ ሳምንት ድልድያችሁ ይፈርሳል የሚለው ማስታወቂያዎ ድልድዩ ላይ እስኪለጠፍ ድረስ ደግሞ እጅግ በጣም ደህና ነበርን።

እኔ ከወንዙ ወዲህ ባለው ሠፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሻለሁ፣ ስለዚህ ማስታወቂያዎን ያለ ሰው እርዳታ አንብቤዋለሁ። ወሬ እንደማበዛ አውቃለሁ፤ ባለቤቴም «ወሬሽን በሜትር ብትሸጪው ከጨርቁ ይሻልሽ ነበር» ይለኛል። ግን ይህን ግልጽ ደብዳቤ የሚያነበው የአገሬው ሰው ሁሉ ነገሩን ከሥሩ ስለማያውቀው፣ ክብርዎ የሚያውቁትን ትንሽ ብደግመው ይታገሡኝ።

ከሠፈራችን ጀርባ የነዳጅ ጉድጓዶች ነበሩ። ሲነጥፉ በሲሚንቶ ተደፈኑ፤ ከመሬት ሆድ የተነቀሉት ረጃጅም የብረት ቧንቧዎችም እንደ ማገዶ ተከምረው ጽሕፈት ቤትዎ ግቢ ውስጥ ቀሩ። በዚያው ሰሞን የእንጨት ድልድያችንን ጎርፍ ወሰደው። ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱና ገበያው ማዶ ናቸው፤ እኛ ወዲህ ነን። የእግረኛ ድልድይ እንዲሠራልን ስንለምን «ብረት የለም» የሚል መልስ ሰጡን። ይህ መልስ የተጻፈበት ክፍል መስኮት የሚከፈተው በቧንቧው ክምር ላይ ነው፤ ጸሐፊዎ መጋረጃውን የምትዘጋው ለዚህ ይሆን እንዴ ብዬ አስቤያለሁ።

ካቻምና ክረምት እህቴን የመጀመሪያ ልጇ ምጥ ሲይዛት ወንዙ ሞልቶ ነበር። የጤና ጣቢያው ነጭ ግድግዳ ይታየናል፤ አዋላጇም ወዲያኛው ዳር ቆማ በእጇ ምልክት ትሰጠናለች፣ በውሃው ጩኸት ድምፅዋ ግን አይሰማም። ልጁ ሳያለቅስ ተወለደ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ። እንዳይረሳኝ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ቀለሙ ከልብ አመሰግናለሁ። ቧንቧዎቹ ከመሬት እንደወጡ መርማሪዎች መጥተው ውፍረታቸውን አንድ በአንድ ለክተው፣ በውስጣቸው የተጋገረው ቅርፊት ጨረር ይኑርበት አይኑርበት በመሣሪያ ፈትሸው ነበር። ከጉድጓድ የወጣ ብረት እንዲህ ያለ ጣጣ አለው፤ ሁሉም ግን ክፉ አይደለም። ደህናውን በአረንጓዴ ቀለበት፣ የሳሳውንና ጨረር ያለበትን በቀይ ቀለበት ቀብተው ለይተው ሄዱ። ከዚያ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ፤ ክብርዎም ግቢው እንዳያሳፍር ብለው ክምሩን በሙሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግራጫ አስቀቡት። አረንጓዴውም ቀዩም አንድ ሆነ። እንግዳውም የመኪናቸውን መስኮት ሳይከፍቱ አለፉ። በሳምንቱ ጽሕፈት ቤትዎ «ደህናው ከመጥፎው ሊለይ ባለመቻሉ ንብረቱ በሙሉ ውጋጅ ሆኗል» ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለ ሥራ ለመሥራት ስንት ዓመት መማር እንደሚያስፈልግ አላውቅም፤ እኔ ያቆምኩት አሥራ ሁለተኛ ላይ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ቸርነትዎ። በር ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ ውጋጁን በራሱ አቅም ማንሣት ለሚችል ሁሉ ፈቅዶ ነበር። እኛም አነሣን። ትከሻ ያለው በትከሻ፣ ጋሪ ያለው በጋሪ። በአንድ በኩል እያነሣን በሌላ በኩል ደግሞ መርማሪዎቹ ቢሮ ድረስ ሄደን ደጅ ጠናን። እነሱም አላሳፈሩንም፤ በዕረፍት ቀናቸው መጥተው ጫፍና ጫፉን በላስቲክ እንድንሸፍን፣ ጓንት እንድናደርግ፣ ከውጪ ብቻ እንድንነካ አዘዙን። ከዚያ የሠፈሩ ሴት ሁሉ ቲነር፣ የብርጭቆ ወረቀትና የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ይዞ ግራጫውን መፈግፈግ ጀመረ።

ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን ቢያዩን! አትክልት ሻጯ ጎረቤቴ ላቧ ጠብ እያለ «ኧረ ባሌን እንኳ እንዲህ አሽቼው አላውቅም!» ስትል፣ አማቷ ከወዲያ «ለዚያ ነዋ የዛገብሽ!» ብለው ሁላችንንም መሬት ላይ አንከባለሉን። ከግራጫው ሥር አረንጓዴው ብቅ ሲል ሎተሪ የወጣላት ይመስል ያገኘችው ትጮሃለች። ቀይ ሲወጣ ደግሞ ጓንታችንን እያየን ወደ ኋላ እንላለን። ቀዮቹን መርማሪዎቹ ባሉን መሠረት ለብቻቸው አጥረን፣ ልጅ እንዳይጠጋ ምልክት አድርገንባቸው፣ መጥታችሁ ውሰዱልን ብለን ለጽሕፈት ቤትዎ አመለከትን። እስካሁን አልመጣችሁም። ጠባቂ ተመድቦላቸዋል፤ ጠባቂዋም እኔ ነኝ፣ ከስፌት መኪናዬ ቀና ስል ይታዩኛልና።

አረንጓዴዎቹ እንደገና ተለኩ፤ ደህና ናቸው ተብሎ ተፈረመባቸው። የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ያለች አንዲት ኢንጂነር ንድፉን ሠራችልን። ሠፈሩ «ብልጭታ» እያለ የሚጠራው በያጃችን በየዳው። ድልድዩ ቆመ። እኔ እንኳ ከፍታ የምፈራዋ ሴትዮ፣ መጀመሪያ ቀን መሐሉ ላይ ደርሼ ቁልቁል ውሃውን አይቼ ምላሴን አወጣሁበት።

ሦስተኛ፤ ስለ ትርጉም ትምህርቱ። ውጋጁን ወስደን ብንቀብረው «ግቢያችንን አጸዱ» ተብለን የምንመሰገን ሰዎች፣ ስለተሻገርንበት ሕገ ወጥ ሆነናል። ድልድዩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያዎ «ውጋጅ ሰው የመሸከም ፈቃድ የለውም» ይላል። እኛ ደግሞ መሸከም የሚጠይቀው ፈቃድ ሳይሆን ጥንካሬ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ምን ይደረግ፣ አልተማርንም። የመርማሪዎቹን ፊርማና የኢንጂነሯን ንድፍ ይዘን ስንመጣ ጸሐፊዎ ወረቀቱን ሳትዘረጋው «ይህ ስለ ብረት ነው፤ የእናንተ ጉዳይ ስለ ውጋጅ ነው» አለችን። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ እንደተባልን ልቁጠረው ብል ይመሻል።

አራተኛ፤ ስለ መኪና ማቆሚያዎ። በር ላይ ስንጉላላ በዋልንበት ጊዜ የክብርዎን የመኪና ማቆሚያ ጥላ ደህና አድርጌ አየሁት። ምሰሶዎቹ ግራጫ ናቸው። ያው ክምር፣ ያው ቀለም፤ እነሱን ግን የፈገፈገ ሰው የለም። ከሥራቸውም «የመንግሥት ንብረት፣ መንካት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ አንድ ብረት መኪና ሲያስጠልል ንብረት፣ ምጥ የያዛት ሴት ሲያሻግር ውጋጅ እንደሚሆን ገባኝ። ግን ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ አላላገጥኩም፤ የበሩ ዘበኛ ቀኑን ሙሉ አንዱን ምሰሶ ተደግፎ ነው የሚውለው፣ ሻዩንም እዚያው ነው የሚጠጣው። ከግራጫው ሥር ቀይ ይኑር አረንጓዴ እርስዎም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። እባክዎ ያስመርምሩለት። የመርማሪዎቹን ቢሮ መንገድ እናሳያለን፤ ቲነርም ተርፎናል።

አሁን ፈገግታዬን ለአንድ አፍታ ላስቀምጠው። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ወንዙ ከሰሞኑ ቀለሙን መቀየር ጀምሯል። እህቴ ደም ስለፈሰሳት አዋላጇ ለጥቂት ቀን አስተኝታታለች፤ ጨቅላዋም አብራት ማዶ ናት። ቤቷ፣ አልጋዋ፣ ባሏ የሚሠራበት ጋራዥ፣ እኔ፣ ሁላችንም ወዲህ ነን። ድልድዩ ከፈረሰ አንድም አራስ ልጇን ይዛ ክረምቱን ሙሉ በሰው ደጅ ትከርማለች፣ አንድም ወዲህ ትመጣና ልጅቷ ትኩሳት የያዛት ቀን ያንን ነጭ ግድግዳ ደግሞ ቆመን እናየዋለን። እኔ ያንን ግድግዳ ሁለተኛ አላየውም። አቅም የለኝም። ከእግርዎ ወድቄ የምለምነው ድልድዩን እንዲያጸድቁልኝ እንኳ አይደለም፤ እንዲረሱልኝ ነው። የእኛን ማመልከቻ እንደረሱት፣ ቀዮቹን ቧንቧዎች እንደረሱት፣ ይህንንም በዚያው ይርሱልን። ለመርሳት ያለዎትን ችሎታ እናውቃለን፤ የሚያስቸግርዎ አይመስለኝም።

ግራጫ ከተቀባ ነገር ሁሉ ሥር አረንጓዴ ይኖራል ብላ እስከ ዛሬ ተስፋ የምታደርግ፣ ቀይ ከወጣም ራቅ ብላ የምትቆም፣ ለክብርዎ ያላትን ጥልቅ አክብሮት በዚህ ደብዳቤ ከዚህ በላይ ማሳጠር ያቃታት፣

የአዲሷ ልጅ አክስት፣ ልብስ ሰፊዋ

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፤ ደብዳቤዬን ልጨርስ ስል አማችዬ፣ የእህቴ ባል፣ ከማስታወቂያው ግርጌ እኔ የዘለልኩትን ቀን አንብቦ መጣ። ለካ ድልድዩን የሚያፈርሰው ክሬን የሚመጣው ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው! አዋላጇም እህቴን የምታስወጣት ሐሙስ ጠዋት ነው። እኛ ለልጅቷ ደስታ የትኛው ቀን ይሻላል እያልን ስንጨቃጨቅ ክብርዎ መርጠውልናል፤ ውለታዎን አንረሳም። ስለዚህ ወዲህም ማዶም ያላችሁ፣ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ መርማሪዎቹ፣ ኢንጂነሯ፣ ብልጭታ፣ ዘበኛው፣ ጸሐፊዋም አለቃዋ ከስብሰባ ከወጡላት፣ ኑልን። ልጅቷ በእናቷ እቅፍ ሆና ስትሻገር ሁላችንም ድልድዩ ላይ ቆመን እንቀበላታለን፤ ክብደታችን እንዳያሳስባችሁ፣ ኢንጂነሯ ስትነድፈው ሠፈሩ ሁሉ አንድ ቀን አብሮ ቢወጣበት ብላ አስባበታለች። ልጅቷ ቤቷ ገብታ፣ ወንዙም ጎድሎ እስክናየው ድረስ የምንወርድ አይመስለኝም፤ ለክሬኑ ሹፌርም ወንበር አለን። እንዳትቀሩ፤ ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ድልድዩ ላይ።