ጭረት ነው ብዬ ያለፍኩት

ጥቅምት 10

«ታብሌት የተረከበ ማንኛውም ባለሙያ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ የስክሪን መከላከያ ያላስለጠፈ እንደሆነ፣ መሣሪያውን በንዝህላልነት እንደያዘ ተቆጥሮ ይወሰድበታል።»

ቃል በቃል የገለበጥኩት ነው። ጠዋት ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድሞ ጠበቀኝ። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ግልባጭ አለው... ማሰብ ብቻ የለውም። ንዝህላል! እኔ? ተማሪ ሆኜ የገዛሁት የብረት ማስመሪያ ዛሬም ኪሴ ውስጥ ነው፤ አልጎበጠም፣ አልዛገም።

የጻፈው የንብረት ኃላፊው ነው። ቢሮው በሙሉ «ላስቲክ» ይለዋል፤ እኔም እዚህ ሌላ ስም አልሰጠውም። ወንበሩ ከመጣ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፣ ተጠቅልሎ የመጣበት ላስቲክ ግን እስከ ዛሬ አልወለቀለትም። ሲቀመጥ ይንኮሻኮሻል። ሲነሳ ሱሪው ላይ ተጣብቆ ጥቂት ይከተለዋል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ላስቲክ ውስጥ፣ የጠረጴዛው ስልክ ላስቲክ ውስጥ... እንዲህ ያለ ሰው ነው ስለ ዕቃ አያያዝ ትምህርት የሚሰጠኝ።

ደግሞስ ምን ሊፈይድልኝ? ሥራዬ የሕንፃ ምርመራ ነው። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ፍለጋ ነው የምውለው። በዓይኔና በፎቶው መካከል አንድ ትርፍ መስታወት አስገባ የምባለው ለምንድን ነው? መነጽር ላይስ ለምን አንለጥፍም?

አላስለጥፍም።

ጥቅምት 13

ላስቲክ ኮሪደር ላይ ያዘኝ።

«ኢንጂነር፣ እርስዎ ብቻ ቀሩ።»

«እቀራለሁ።»

«ቢወድቅስ?»

«አይወድቅም።»

«ሰው እኮ ነዎት።»

«አንተስ?»

ሳቀ። ስድቡ አልገባውም... ወይስ ገብቶት ነው የሳቀው?

ማታ ለሚስቴ ነገርኳት። ጎን ለጎን ተቀምጠናል፤ እሷ ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

«ለዚህች ፕላስቲክ ነው እንዲህ የምትንጨረጨረው?»

«ፕላስቲክ አይደለም፣ መስታወት ነው።»

«ጭራሽ! አስለጥፈህ ተገላገላ አንተ ሰውዬ።»

«የመርህ ጉዳይ ነው።»

«ባለፈው ወር ደግሞ መርህህ የሊፍቱ መብራት ነበር።»

ከሷ ጋር መከራከር አይቻልም። የሊፍቱም ነገር ቢሆን ልክ ነበርኩ።

ጥቅምት 15

አሁንም አላስለጠፍኩም። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ጥቅምት 17

ወሰዱት!

ከምሳ ስመለስ መሳቢያዬ ባዶ። ሃምሳ አራት ዓመት የሞላኝ ሰው፣ ክፍል ውስጥ ኳስ ሲያነጥር እንደተያዘ ልጅ ዕቃዬን ተቀማሁ። በቀጥታ አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ ታናሽ እህቴን ብታክል ነው፤ ጨዋ ናት፣ ነገር ግን ጠብ ትፈራለች።

«ጋሼ፣ በእናትዎ ያስለጥፉ። ሰኞ የሚመረመር ሕንፃ አለ። ቤት የደረሳቸው ሰዎች ቁልፍ እየጠበቁ ነው።»

ተሸነፍኩ። ላስቲክ ራሱ ለጠፈው። መታወቂያውን አውጥቶ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ብቅ አድርጎ፣ አረፋውን ገፋ... ገፋ... ሲጨርስ መስታወቱ ተንጋዷል። ታች በስተቀኝ ጥጉ ላይ ደግሞ ምስር የምታክል አረፋ ቀርታለች።

«እሷ በራሷ ጊዜ ትጠፋለች» አለኝ።

አንተም በራስህ ጊዜ ጥፋ! አላልኩትም። እዚህ ግን ልበለው።

ጥቅምት 20

ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ። በሩ ላይ አንዲት ሴት ትጠብቀኝ ነበር። አስተማሪ ነች፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደርሷታል።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ቁልፍ ይሰጡናል አይደል? ለአከራዬ እለቃለሁ ብዬ ተናግሬያለሁ። ልጆቼማ አልጋ በየት በኩል ይሁን ብለው ተጣልተው፣ ታርቀው ጨርሰዋል።»

ሥራዬን ልሥራ ብዬ አለፍኳት። ከላይ ጀምሬ ወረድኩ። ምንም አልነበረም። ምድር ቤቱ መጋዘን ውስጥ ግን የሴራሚክ ካርቶን እስከ ደረቴ ተከምሯል፤ ወደ መጨረሻው ኮለን፣ ፎቁን ወደተሸከመው ምሰሶ፣ አላስጠጋ አለኝ። ታብሌቱን ከካርቶኑ በላይ ዘርግቼ ፎቶ አነሳሁ። ስመለከተው ምስሉ መሀል ላይ አንድ ቀጭን መስመር። በእጅጌዬ ጠረግኩት። አልሄደም።

ጭረት! ገና ከመለጠፉ! መጋዘን ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ላስቲክን ጮክ ብዬ ሰደብኩት። ደስም አለኝ እንጂ... እንዳልኩት ሆነልኝ።

«ጉድለት የለም» ብዬ ፈረምኩ። ስወጣ ሴትዮዋ አሁንም አለች። «አይዞሽ፣ ደህና ነው» አልኳት።

ጥቅምት 21

እራት ተበልቶ እንዳበቃ ታብሌቱን አወጣሁ። ለሚስቴ ላሳያት ፈልጌ ነው፤ ያን ሁሉ ቀን የተንጨረጨርኩት በከንቱ እንዳልነበረ።

«ነይ፣ የላስቲክን ሥራ እዪልኝ።»

«የቱ ጋ?»

«ይኸው። ጭሮት ቁጭ።»

በሁለት ጣቷ ምስሉን አጎላችው።

«አንተ... ያንተ ጭረት ሲያጎሉት ይወፍራል እንዴ?»

ወደሚቀጥለው ፎቶ አለፈች። መስመሩ የለም። ተመለሰች። አለ።

መስታወት ላይ ያለ ጭረት ከፎቶ ጋር አይጎላም። ከፎቶ ጋር አይሄድም፣ አይመጣም። ይህን ማወቅ ምን ትምህርት ይጠይቃል? ስንጥቅ ነው፤ ከላይኛው አግዳሚ ቢም ሥር ተነስቶ ኮለኑን በሰያፍ ይዞት ይወርዳል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ቢስተው ከክፍል አስወጣው ነበር።

ሚስቴ አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 22

በጠዋት ሄጄ ካርቶኑን አስነሳሁ። መሰላል አስመጣሁ። በባዶ ዓይኔ አየሁት። ልስኑ ብቻ ይሆን? በመዶሻ አራገፍኩት... አይደለም፤ ኮንክሪቱ ውስጥ ገብቷል።

አለቃዬ ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ ፊቷ ፈካ አለ።

«ጋሼ፣ ያሳሳተዎት የስክሪን ፕሮቴክተሩ ነው አይደል? እርስዎማ ከመጀመሪያውም ብለው ነበር። ‹የመሣሪያ ጉድለት› ብለን እናስተካክለዋለን። ኮለኑም ይጠገናል። ስምዎ አይነሳም።»

«ላስብበት» አልኳት።

ላስብበት! ምኑን ነው የማስበው?

ከሰዓት በኋላ ወሬው ቢሮውን አዳርሷል። የቢሮው ወጣቶች እየመጡ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጋሉ። «ጋሼ፣ ገላገሉን! ሁላችንም ልንልጠው ነው።» እንደ ሙሽራ ተከበብኩ። ከዚህ በፊት ምሳ እንኳ አብረውኝ አይበሉም ነበር።

ጥቅምት 23

ላስቲክ መጣ። ሁልጊዜ ሳያንኳኳ ነው የሚገባው፤ ዛሬ አንኳኳ።

«ወንድሜ፣ ሊያግዱኝ ነው አሉ። ሕንፃ ሊያፈርስ ነበር ብለው... እኔ እኮ ዕቃ እንዳይሰበር ብዬ ነው።»

«መጀመሪያ ወንበርህን ላጠው።»

«እሺ» አለኝ። የምሩን ነው። ዛሬውኑ ሄዶ ሊልጠው!

ከወጣ በኋላ ታብሌቱን መስኮት ዳር ወስጄ አገላብጬ አየሁት። አረፋዋ ጥጉ ላይ ናት። መሀሉ ጥርት ያለ ነው፣ አንዳች የለበትም። መስመሩን መስታወቱ አሳይቶኛል። አላይም ያልኩት እኔ ነኝ። እሱን ልሰድብ ቸኩዬ።

ሰውየውን አሁንም እንቀዋለሁ። ትዕዛዙም ከንቱ ትዕዛዝ ነው። ቢሆንም ያን ኮለን እሱ አልፈረመበትም።

ጥቅምት 25

ቁልፍ አልተሰጠም። «በቴክኒክ ምክንያት ለሳምንት ተራዝሟል» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፈዋል። ማስረዳት የኔ ነው ብዬ ሄድኩ። አስተማሪዋ ዕቃዋን መኪና ላይ ጭና ቆማለች። ፍራሽ፣ የመጻሕፍት ካርቶን፣ አንድ የተገለበጠ ብስክሌት።

«ሰኞ ደህና ነው ያልከው ለቅዳሜ ተሰነጠቀ? ዓይንህ የት ነበር?»

ከጋሼ ወደ አንተ አወረደችኝ። ሾፌሩ ሳይቀር ከመስኮቱ ብቅ ብሎ ያዳምጣል። «ፕሮቴክተሩ ነው» የሚለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር...

«አይቼው ጭረት መስሎኝ አለፍኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»



«እሱን በጽሑፍ ስጠኝ። አከራዬን በምን ላሳምነው? ሌላ ተከራይ አስገብቷል እኮ።»

የመኪናው ክንፍ ላይ ተደግፌ ጻፍኩላት። ፈረምኩ። አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አላመሰገነችኝም። ምን ብላ?

ጥቅምት 27

የተስተካከለው ሪፖርት ዛሬ ደረሰኝ። «በስክሪኑ መከላከያ ጉድለት ምክንያት በአንድ ፎቶ ላይ የተፈጠረ ስህተት።» አንድ ፎቶ! ጥፋቱ የመስታወት ከሆነ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ አንዱን ኮለን ይለስናሉ፣ ላስቲክን ያግዳሉ፣ ቅዳሜ ቁልፍ ያድላሉ። ጥፋቱ የኔ ከሆነ ግን በዚያ ቀን «ደህና» ያልኩት ሁሉ እንደገና መታየት አለበት። ያንን ነው የሸሹት። እኔንም የጋበዙኝ ወደዚያው ሽሽት ነው።

መከላከያውን ልልጠው ጥፍሬን ጥጉ ላይ አሳርፌ ነበር። ተውኩት። አሁን ከላጥኩት በሪፖርቱ የተስማማሁ እመስላለሁ። እጠላዋለሁ፤ ይቀመጣል። እንደተንጋደደ።

ለቢሮው የሰጠሁትን ደብዳቤ እዚህ ልገልብጠው፤ እነሱ ዘንድ ሊጠፋ ይችላል።

«ጥቅምት 20 ቀን በፈረምኩበት ምርመራ የታለፈው ስንጥቅ በፎቶው ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። የስክሪኑ መከላከያ አልጋረደውም። ያለፈው በእኔ ስህተት ስለሆነ፦ ‹የመሣሪያ ጉድለት› የሚለው ከሪፖርቱ ወጥቶ የእኔ ስህተት በሚል እንዲተካ፣ በንብረት ኃላፊው ላይ የታሰበው እገዳ እንዲቀር፣ በዕለቱ የመረመርኳቸው ኮለኖች በሙሉ ከእኔ ሌላ በሆነ መሐንዲስ እንዲመረመሩ፣ ይህ ሳይፈጸም ለማንም ነዋሪ ቁልፍ እንዳይሰጥ እጠይቃለሁ። ቀድሞ የሰጠሁትን ፊርማ ከዛሬ ጀምሮ አንስቻለሁ። የምትቀበሉትንና የማትቀበሉትን ለይታችሁ፣ የወሰነው ሰው ፈርሞበት፣ እስከ ጥቅምት 30 ቀን የሥራ ሰዓት መውጫ ድረስ በጽሑፍ እንድትመልሱልኝ አሳስባለሁ። የቃል መልስ አልቀበልም።»