ለእማዬ ክፍል ሙቅ ውሃ

ኅዳር 3፣ ጠዋት
ዛሬም መብራት የለም። ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ። ጥርሴ ተንገጫገጨ። ላስተምር ወደ ት/ቤት ሳልሄድ አዲሱን ቤት አየሁት፤ ልስኑ ደርቋል። ተመስገን! የቀረው መታጠቢያ ቤቱና የእማዬ ክፍል ነው። እማዬ ሞጣ ብቻዋን ናት። ቁርጥማቱ ጣቶቿን አጥፎባታል፤ ብርድ ሲሆን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷታል። ውርጩ ሳይበረታ ብቸና ላመጣት ነው። እንግዲህ ማስታወሻዬ፣ የዚህ ወር ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ውሃው በምን ይሙቅ?

ኅዳር 5፣ ማታ
ቧንቧ ሠራተኛው ይበልጣል መጣ። ቦይለር እንዳንል መብራቱ አይታመንም፤ አመሉን አንተም ታውቃለህ ማስታወሻዬ። እንጨት እንዳንል፣ እኔ ት/ቤት ስውል ማን ያነድላታል? ከሰልማ መኝታ ክፍል አይገባም፤ በእንቅልፍ ይዞ ይሄዳል። ለክፍሉ ኮርኒስ ይሠራ፣ የቆርቆሮው ብርድ ይቀንሳል። ለውሃው የፀሐይ ማሞቂያ። ተስማማን። ደስ ብሎኛል። የብቸና ፀሐይ መቼ ጠፍታ ታውቃለች?

ኅዳር 7
ደስታዬ አልበረከተም። ይበልጣል ጣራ ላይ ወጥቶ ሲወርድ ሳቀብኝ። የቤቱን ቦታ የመረጥኩት እማዬ ቅዳሴውን አልጋዋ ላይ ሆና እንድትሰማ ብዬ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ። የደብሩ ጽዶች ታዲያ ጣራዬን ቀኑን ሙሉ ያጠሉበታል። ቅርንጫፉ ይቆረጥ የሚል ደፋር እዚህ አገር የለም። እኔም አልልም። ቅዳሴ አገኘሁ፣ ፀሐይ አጣሁ። እራት ሳልበላ ልተኛ ነው።

ኅዳር 9
እማዬ ጋ ደወልኩ። አልመጣም አለች። ሰው ውሃ አሙቆ የሚያጥባት፣ የሰው እጅ የምትጠብቅ አሮጊት መሆን አትፈልግም። ከዚያ የሞጣ ቆፈን ይሻላታል። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ለማን ነው ይህን ቤት የሠራሁት?

ኅዳር 12፣ ሚካኤል
ሥራ የለም። ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቴ እትዬ ጥሩ ጠሩኝ። ልጃቸው አራስ ናት፤ ወንድ ልጅ ወልዳለች። እሷን ጠይቄ ልወጣ ስል ያዙኝ። የይበልጣልን ሳቅ ከግቢያቸው ሰምተው ኖሯል።
«ምን ያስጨንቅሻል አንቺ ልጅ? የኔ ጣራ ፀሐይ ላይ አይደለም ወይ? እዚያ ይሰቀል። ለዚህ ሕፃን ገላም ይተርፋል።»
እንዲህ ያለ ሐሳብ በሕልሜም አልመጣልኝ።

ኅዳር 14
ይበልጣል ለካው። ጣራቸው ከአጥሬ ጋር ገጥሟል፤ ቧንቧው አጭር ስለሆነ ውሃው መንገድ ላይ አይቀዘቅዝም። እትዬ ጥሩን ላመሰግን ብጀምር ተቆጡኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ያለው ሰው አልተሳሳተም። እግዜር ይስጥልኝ። ግን እማዬ ካልመጣች ምን ዋጋ አለው?

ኅዳር 17፣ ከሰዓት
እማዬ ደወለች። ራሷ! ስለ ጣራው ነገርኳት፤ ወሬ ቀየረችብኝ። ስለ አራሷ ነገርኳት፤ ድምፅዋ ተለወጠ። ሕፃኑን ማን እንደሚያጥበው ጠየቀች። እትዬ ጥሩ ዓይናቸው ስለደከመ እንደሚፈሩ፣ እናቱም ገና ልጅ እንደሆነች ነገርኳት። እማዬ እኮ የሰፈሯን ሕፃን ሁሉ አጥባና አሽታ ያሳደገች ናት። ጣቶቿን ያሰራቸው ብርዱ ነው፤ ሙቅ ውሃ ካገኙ ይፈታሉ አለች። ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር ወይ ብላ ተቆጣችኝ ደግሞ። ሕፃኑን ለማሸት የብቸናን ቅቤ አላምንም፣ ከዚህ ይዤ እመጣለሁ አለችና ዘጋችው።

ይበልጣል ነገ ይሰቅለዋል። እኔ ቅዳሜ ሞጣ ሄጄ አመጣታለሁ፤ እማዬንም ቅቤዋንም።