ከምርቃቱ የቀደመው አሜን

ለወንድሜ ልጅ፣ ለምወድሽና በሩቅ ሆኜ ለምቆጣሽ ለጵርስቅላ አክሊሉ፤ ድሬዳዋ።

ጵርሴ፣ እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ባለቤትሽ ኤሊያስስ? ትንሿ ሣራስ ጥርስ አወጣች ወይስ እንደ እኔ በድድ ትስቃለች? የሆስፒታሉ ሥራ እንዴት ይዞሻል? ሙቀቱንስ ለመድሽው ወይስ አሁንም በሌሊት ልብስሽ ግቢ ውስጥ ነው የምታድሪው? እኛ ሁላችን ደህና ነን። ከባለቤቴ ከገነቴ ጉልበትና ከእኔ ምላስ በቀር በቤታችን የሚያስቸግር ነገር የለም። ምላሴን ደግሞ ሐኪም እንደማይችለው ድሮ ነግረሽኛል።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላክሁት ለቴምብር ሰስቼ አይደለም። ሾፌሩ ወንዳፈረው በቆሎ ጭኖ ወደ እናንተ ስለሚወርድ በእጅሽ እንዲሰጥሽ አደራ ብዬዋለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ብትጨምሪው አልቀየምሽም። የእጅ ጽሑፌ እንደሁ ለማስቀመጥ የሚያጓጓ አይደለም።

ወሬው ስለ ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ነው። እኔም አባል መሆኔን ስትሰሚ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ታፔላ ጸሐፊ እዚያ ምን ሊሠራ ገባ አትበይ። መጋረጃ የሚስል ሰው ጠፍቶ ጠሩኝ፤ እየሳልኩ የድራማውን ድርሰት አነበብኩ፤ እያነበብኩ አረምኩ፤ ካረምኩ በኋላ ሽማግሌውን ገበሬ ራሴ ካልተጫወትኩ አልኩ። ሰው አርቲስት የሚሆነው እንዲህ ነው። ትምህርት ቤትን የማውቀው ከውጭ በኩል፣ አጥሩን ስቀባ ብቻ መሆኑን ማንም አልጠየቀኝም።

ከበሮ የሚመታልን የካቶሊኮቹ ተገኘ ነው። በቤተ ክርስቲያን ያደገ እጅ ስለሆነ ምንም ቢመታ ቅዳሴ ቅዳሴ ይላል። ክራሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስለ ድምፁ ባንነጋገር ይሻላል። ዘፋኞቹ ግን የጸሎት ቤታችን መዘምራን የነበሩት ልጆች ናቸው። ጸሎት ቤቱ በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ያን ሁሉ ድምፅ የት ያስቀምጡት? ቀበሌው ፈልጎ አገኛቸው። በአራት ድምፅ ተከፍለው ሲዘፍኑ አዳራሹ ቆርቆሮ መሆኑ ይረሳል።

ሴቶቹን የምትመራው እህትሽ ጣቢታ ናት። አባትሽ በቀላሉ የለቀቃት እንዳይመስልሽ። መጀመሪያ ለጌታ የተማረችውን ድምፅ ለዘፈን አልሰጥም ብሎ እምቢ አለ። ነገር ግን ልጅቷ መምህራን ማሠልጠኛ ለመግባት የወጣቶች ማኅበር ድጋፍ ያስፈልጋታል፤ በቡድኑ ውስጥ ያልተሳተፈ ደግሞ ድጋፍ አያገኝም። አስተማሪ ለመሆን እንዴት እንደምትጓጓ ታውቂያለሽ፤ የጎረቤት ፍየሎችን እንኳ ሰልፍ ታስይዛለች። በመጨረሻ እኔን ጠርቶ «አንተ ቀልደኛ፣ አንድ ነገር ብትሆን ወንድሜ ነህ አልልም» አለኝ። ትርኢቱን ግን ዓይኑ እንደማያይ ቁርጡን ነገረኝ።

ውድድሩ የመስቀል ሰሞን እንዳለፈ በኳስ ሜዳው ላይ ሆነ። ከቦኖሻም ከሀደሮም ቡድኖች መጥተዋል፤ ሕዝቡ አጥሩ ላይ ሳይቀር ተሰቅሏል። ተራችን ሲደርስ ልጆቹ ስለ አዲሱ ምርት የሚለውን መዝሙር ጀመሩ። የመጨረሻውን ስንኝ እያዘገሙ ከፍ ማድረግ የእኔ ሐሳብ ነበር፤ መዝጊያው ልፍስፍስ ብሎብኝ ነው። በልምምድ ጊዜ እዚያ ስንደርስ ሁልጊዜ ተገኘ ይሳሳትና በሳቅ እንበተን ስለነበር፣ መዝሙሩ በወጉ ያለቀበት ቀን አልነበረም።

የዚያን ቀን ግን ተገኘ አልተሳሳተም። ከበሮውን ቀስ፣ ቀስ አድርጎ አሳረፈው። አራቱም ድምፅ አንድ ላይ ከፍ ብሎ ቆመ። ከዚያ ጵርሴ፣ ጣቢታ ፊት ሆና ሁሉም በአንድነት «አሜን» አሉ። ልክ እንደ ድሮው እሑድ ጠዋት፣ በአራት ድምፅ። አፋቸው የለመደው ነው፤ እንደዚያ የተዘጋ መዝሙር ሌላ ማብቂያ አያውቁም። ያልተለማመድነው እሱን ብቻ ነበር፤ ከሁሉም አምሮ የወጣውም እሱ ነው።

በመንግሥት መድረክ ላይ አሜን ተባለ። ከፊት የተቀመጠው የአውራጃው ባህል ኃላፊ ቀና አለ። ጣቢታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ለእኔ የታየኝ ድጋፉና ማሠልጠኛው ብቻ አልነበረም። ይህን ማን አስተማራችሁ የሚለው ጥያቄ መንገዱን ጠይቆ አባትሽ ቤት ሲደርስ ታየኝ፤ እዚያ በየሳምንቱ ለጸሎት ማን ማን እንደሚሰበሰብ አንቺም ታውቂያለሽ።

እኔ ለድራማው የበግ ጠጉር ጢሜን ለጥፌ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። ሳላስበው እግሬ አወጣኝ። ዱላዬን ተክዬ መሐል ቆምኩና አያትሽ ጉባኤ ሲዘጋ ያደርግ እንደነበረው እጄን ዘርግቼ በሀዲይኛ መመረቅ ጀመርኩ። ዝናቡ በወቅቱ ይውረድ አልኩ። ልጆቹ ወዲያው ገባቸው፤ «አሜን» አሉ። እንሰቱ ይፋፋ፣ ላሟ ትታለብ አልኩ። አሁን የሜዳው ግማሽ «አሜን» አለ። ወደ ሀደሮዎቹ ዞሬ በተሰባበረ ከምባትኛዬ የዘመቱ ልጆቻችን በደህና ይመለሱ ስል እናቶች ከተቀመጡበት ተነሥተው ተቀበሉኝ። ለአሜን አስተርጓሚ አያስፈልግም።

ኃላፊው የአንጋጫ ልጅ ነው፤ እሱም በምርቃት ነው ያደገው። እጁን ዘርግቶ «አሜን» ብሎ ከጨረሰ በኋላ ነው የነቃው። የተዘረጋ እጁን መሰብሰብ ቢያፍር ወደ ጭብጨባ ለወጠው። እሱ ካጨበጨበ ማን ይቀራል?

ሲያበቃ እኔንና ጣቢታን ከመድረኩ ጀርባ አስጠራን። ምርቃቱ በድርሰቱ ውስጥ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «ጓድ፣ በእኛ አገር ሳይመረቅ የሚበተን ጉባኤ አይተው ያውቃሉ?» አልኩት። ጣቢታን አየ። ጢሜን አየ፤ በአንድ ወገን ተላቆ ተንጠልጥሏል። ሳቁን ዋጥ አድርጎ «በሌላ ጊዜ ምርቃቱ ይቅደም፣ አሜኑ ይከተል» ብሎን ሄደ።

አንደኛ የወጡት ሀደሮዎች ናቸው፤ መድረክ ላይ እውነተኛ በሬ አወጡ፣ ከበሬ ጋር ማን ይወዳደራል? እኛ ሁለተኛ ሆንን። የጣቢታ ድጋፍ ባለፈው ሰኞ ተፈረመ፤ ኅዳር ሲገባ ማሠልጠኛ ትገባለች።

አባትሽን ግን ፈርቼው ነበር። ወሬው ከሰው አፍ ሳይደርሰው ልቅደም ብዬ በማግሥቱ ጠዋት ሄድኩ። ከጓሮ እንሰት ሲኮተኩት አገኘሁትና ገና አፌን ስከፍት «ነበርኩ» አለኝ። ከሜዳው ዳር፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆሞ ሁሉን አይቷል። ቁጣውን ጠበቅሁ። እሱ ዶማውን ተደግፎ «ሽብሩ፣ እቤት ስንጸልይ አሜን የምንለው ጎረቤት እንዳይሰማ አድርገን ነው። ጮክ ተብሎ ሲባል ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር» አለኝ። ቀጥሎ «የአባታችንን ምርቃት ግን ግማሹን ዘለልከው» ብሎ ዶማውን ጣለና እጁን ዘርግቶ የጎደለውን ለጣቢታ መረቀላት፤ ለአንቺም፣ ለሣራም። እኔ እዚያው እንሰቱ መሐል ቆሜ አሜን አልኩ። ጎረቤት እንዲሰማ አድርጌ።

እናትሽ ዓለሚቱ ስማ አትጠግብሽም፤ ለሣራ ሹራብ እየሠራች ነው፣ በዚያ ሙቀት ምን እንደምታደርግበት እንጃ። ገነቴ ከነጉልበቷ ሰላም ትልሻለች። ጣቢታ ለብቻዋ እጽፋለሁ ብላለች፤ እኔ ያጋነንኩትን ልታርም መሆኑ ነው፣ አትመኚያት። ኤሊያስን እቀፊልኝ። ሣራን ግንባሯን ሳሚልኝ። የቤት አከራይሽን ወይዘሮ ሂሩትን ሽብሩ የሚባል ሁለተኛ የወጣ አርቲስት ሰላም ብሎሻል በያት።

አጎትሽ ሽብሩ
ሆሳዕና፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.